አንድ ኪሎ ስንት ኪሎ ነው? ያገለገለ ሞተር ሳይክልን የማቅለል ሳይንስ

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። አንድ ኪሎ አንድ ኪሎ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሚዛን ላይ ከሆነ እውነት ነው። ሱቅ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ኪሎ ምስማር ብትገዙ፣ ለሚዛኑ ሁለቱም ያው ናቸው። ያንኑ አንድ ኪሎ ወስዳችሁ ሞተር ሳይክል ላይ ብታስሩት ግን ነገሩ ይቀየራል። ጎማው ላይ ሲታሰር ሌላ ነው፣ ከታች ሲታሰር ሌላ ነው፣ ከኋላ ታርጋው ጋ ሲታሰር ደግሞ ሌላ ነው። ሚዛኑ ባያውቀውም የነጂው ክንድና ወገብ ልዩነቱን በደንብ ያውቁታል።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ልዩነት ነው። ምሳሌያችን «ደርት ባይክ» የሚባለው፣ ከአስፋልት ውጭ በጭቃ፣ በአሸዋና በድንጋይ ላይ ለመሄድ የሚሠራው ሞተር ሳይክል ይሆናል። አዲስና ቀላል የሆነው ውድ ስለሆነ ብዙ ወጣቶች ያገለገለ ይገዙና ራሳቸው ያቀሉታል። አንዳንዱ ገንዘቡን በማይጠቅም ቦታ ይጨርሳል። አንዳንዱ ደግሞ ሕይወቱን የሚጠብቅለትን ነገር ፈትቶ ይጥላል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ «የምቀንሰው ኪሎ የት ያለ ኪሎ ነው?»

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። በዕለት ንግግራችን ሙሉውን ተሽከርካሪ «ሞተር» እንለዋለን። እዚህ ግን «ሞተር» ስንል ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል ብቻ፣ «ሞተር ሳይክል» ስንል ሙሉውን ማለታችን ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

ሱዙኪ ዲአር-ዚ400ኤስን እንውሰድ። ይህ የጃፓን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ ወጣ። ለብዙ ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ስለተመረተ ለምሳሌ በአሜሪካ ያገለገለው በብዛት ይሸጣል። አንድ ሲሊንደር ያለው፣ 398 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ታርጋ ለጥፎ መንገድ ላይም መሄድ ይችላል፣ ጫካም ይገባል።

ክብደቱስ? አንዱ 132 ኪሎ ነው ይላችኋል፤ ሌላው ደግሞ 144 ኪሎ። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። የመጀመሪያው «ደረቅ ክብደት» የሚባለው ነው፤ ቤንዚን፣ ዘይትና የራዲያተር ውሃ የመሳሰሉት ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ሁለተኛው ቁልፉን አዙራችሁ ለመሄድ ዝግጁ ሲሆን ያለው ክብደት ነው። የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ መካኒኮች ሰልባቲዮ የሚሉት፣ 10 ሊትር ገደማ ይይዛል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ ቤንዚኑ ብቻውን 7.4 ኪሎ ነው። የቀረውን ዘይቱና ሌላው ፈሳሽ ይሞላዋል። «የኔ ሞተር ሳይክል ካንተ ይቀላል» የሚል ክርክር ስትሰሙ መጀመሪያ «በደረቁ ነው በእርጥቡ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሱዙኪ ራሱ ሌላ ፍንጭ ሰጥቶናል። ከመንገድ ውጭ ብቻ እንዲነዳ ዲአር-ዚ400ኢ የሚባል እህት ሞዴል ሠርቶ ነበር። ደረቅ ክብደቱ 119 ኪሎ ገደማ ነው። የሁለቱ ሞተር መሠረቱ አንድ ሆኖ ሳለ 13 ኪሎ ያህል ይለያያሉ። ልዩነቱ ለመንገድ ሕግ ሲባል የተጨመሩ ዕቃዎችና ከቀላል ቁስ የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። እንግዲህ ፋብሪካው በመሐንዲሶቹ አቅም የደረሰበት ልክ ይህ ከሆነ፣ ጓሮ ውስጥ በመፍቻ 30 ኪሎ ቀነስኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። 10 ኪሎ አካባቢ ግን ይቻላል።

ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ። የሰው መመዘኛ ሚዛን ከፊት ጎማ ሥር አድርጉ፤ ከኋላ ጎማ ሥር ደግሞ እኩል ቁመት ያለው ጣውላ። ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ቁጥሩን አንብቡ። ከዚያ ሚዛኑንና ጣውላውን አቀያይሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ስትደምሩ ሙሉ ክብደቱን ታገኛላችሁ። መሬት ሞተር ሳይክሉን የሚደግፈው በሁለቱ ጎማዎች ብቻ ስለሆነ ሌላ የሚደበቅበት ቦታ የለም።

የወደቀውን ማንሳት

ከመንገድ ውጭ መንዳት ማለት መውደቅ ማለት ነው፤ ጎበዞቹም ይወድቃሉ። ትልቁ ፈተና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የወደቀውን ማንሳት አለባችሁ። ያውም ዳገት ላይ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ፣ ምናልባት ለአሥረኛ ጊዜ።

ግምታዊ ሂሳብ እንሥራ። 144 ኪሎ የሚመዝነው ሞተር ሳይክል በጎኑ ተኝቷል። የስበት ማዕከሉ፣ ማለትም ክብደቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያለበት ያህል የምንቆጥረው ነጥብ፣ ጎማዎቹ መሬት ከነኩበት መስመር 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። እናንተ መሪውን የያዛችሁት ከዚያው መስመር 1 ሜትር ርቃችሁ ነው። ይህ ተራ ማንሻ ነው፤ ድንጋይ በብረት ዘንግ እንደ መፈንቀል። 144 በ0.5 ተባዝቶ ለ1 ሲካፈል 72 ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ 72 ኪሎ እንደ ማንሳት ነው። 10 ኪሎ ከቀነሳችሁ 67 ይሆናል። አምስት ኪሎ ምን አላት? ለመጀመሪያው ውድቀት ምንም። ለአሥረኛው ግን ብቻውን የሄደ ሰው ከጫካ በመውጣቱና እዚያው በመቅረቱ መካከል ያለው ልዩነት ልትሆን ትችላለች። የደከመ ሰው ደግሞ መልሶ ይወድቃል።

ከፍታና ርቀት

አሁን አንድ ሙከራ እንሥራ። ባለ ረጅም እንጨት መጥረጊያ አምጡ። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንዱ ጫፍ ላይ እሰሩ። መጀመሪያ ከጠርሙሱ አጠገብ ያዙና ወዲያ ወዲህ አወዛውዙት። ቀጥሎ ተቃራኒውን ጫፍ ይዛችሁ ሞክሩ። ውሃው ያው ግማሽ ኪሎ ነው፤ ክንዳችሁ ግን ጨመረ ብሎ ይምላል።

እዚህ ውስጥ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፦ ክብደት የሚጎትትበት የማዞር ኃይል ከርቀቱ ጋር እኩል ያድጋል። ሞተር ሳይክሉ ዘንበል ሲል፣ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ አንድ ኪሎ ልክ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ሦስት ኪሎ ወደ ታች ይጎትታል። ሰልባቲዮው የት ነው ያለው? ላይ! 7.4 ኪሎ ቤንዚን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲቀመጥ፣ ታች 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ 22 ኪሎ ጋር እኩል ለመጣል ይሞክራል። እንግዲያው ከሁሉ ርካሹ ማቅለያ የምትሄዱትን ርቀት አስልታችሁ፣ በቂ መጠባበቂያ ጨምራችሁ፣ ከዚያ በላይ ቤንዚን አለመሙላት ነው። ግማሹን ብቻ ስትሞሉ 3.7 ኪሎ በነጻ ቀነሳችሁ፤ ያውም ከላይ።

ሁለተኛው ሕግ የባሰ ነው። አንድ ነገር ሲዞር ለመዞር የሚያሳየው እንቢታ ከርቀቱ ጋር ሳይሆን ከርቀቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን እንቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። ከመሀሉ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ታርጋው ጋ የተንጠለጠለ ግማሽ ኪሎ፣ ከመሀሉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ ግማሽ ኪሎ 16 እጥፍ መታጠፍን ይቃወማል። የኋላው ማርሚታ ሰዎች መጀመሪያ የሚመኙት ዕቃ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከባድ ነው፣ ከፍ ብሏል፣ ወደ ኋላም ርቋል።

የሚሽከረከር ኪሎ

ወደ ጎማ እንምጣ። መቀመጫው ሥር ያለ አንድ ኪሎ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ጎማው ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ግን ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይሽከረከራልም። ጎማው ሳይንሸራተት ሲንከባለል ጠርዙ በዘንጉ ዙሪያ የሚዞርበት ፍጥነት ሞተር ሳይክሉ ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የመዞሩ ጉልበት ከመሄዱ ጉልበት ጋር እኩል ይሆናል። ፍጥነት ለመጨመርም ሆነ ፍሬን ይዞ ለማቆም፣ ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል።

ሌላም አለ። ሞተር ሳይክል በሞላ የተከፈለ ነው። ከሞላው በላይ ነጂው፣ ሞተሩና ሰልባቲዮው አሉ። ከሞላው በታች ጎማ፣ ቸርኬና ፍሬን። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወደ ላይ ይዘላል። ሞላው ወደ ታች ገፍቶ መሬት ያስይዘዋል። ጎማው ከባድ ከሆነ የመዝለሉ ጉልበት ትልቅ ነው፣ ለመመለስም ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ጎማው አየር ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ አይታጠፍም።

ታዲያ ቀጭን ካላማዳሪ ገዝተን እንገላገል? ቆይ! ወፍራሙ ካላማዳሪ ከተራው በብዙ መቶ ግራም ይከብዳል፤ ነገር ግን ድንጋይ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ሲቆነጥጠው ቶሎ አይቀደድም። እዚህ ላይ ፊዚክስ መልስ አይሰጣችሁም፤ ዋጋውን ብቻ ይነግራችኋል። አሸዋ ላይ የሚነዳ ቀጭኑን ሊመርጥ ይችላል። ድንጋያማ ቦታ ላይ የሚነዳ ወፍራሙን ይዞ ሌላ ቦታ ቢያቀል ይሻለዋል።

ምን እንፍታ? በምን ቅደም ተከተል?

በነጻው እንጀምር። ያገለገለ ሞተር ሳይክል የቀድሞ ባለቤቱን ታሪክ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የደረቀ ጭቃ፣ የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ማንም የማያስታውሰው ማሰሪያ ይኖረዋል። መጀመሪያ እጠቡት። ሲታጠብ ደግሞ ስንጥቅ፣ ዝገትና የሚያፈስ ዘይት ይታያል፤ እነዚህ ከክብደት በፊት መጠገን አለባቸው። ከዚያ የሰው መጫኛ የእግር ማሳረፊያዎች ይፈታሉ። መንገድ ላይ ፈጽሞ የማይነዳ ከሆነ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻና ረጅሙ የታርጋ መያዣ ሊነሱ ይችላሉ። መንገድ የሚወጣ ከሆነ ግን አይነኩም። ሕግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የጭነት መኪና ሹፌር እናንተን የሚያየው በእነሱ ስለሆነ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ይባል የለ? እያንዳንዱ ዕቃ ሎሚ ነው፤ ሲደመሩ ግን ሁለት ሦስት ኪሎ ይወጣቸዋል።

ቀጥሎ ባትሪ ይመጣል። የዚህ ሞተር ሳይክል የሊድ ባትሪ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የሊቲየም ባትሪ ከ1 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል። ሊድ ከከባድ ብረቶች አንዱ ሲሆን ሊቲየም ደግሞ ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ነገር ግን ሊቲየም በኃይለኛ ብርድ ይሰንፋል። ለሊድ የተሠራ ቻርጀርም ሊያበላሸው ስለሚችል የራሱን ፈልጉለት።

ከዚያ ማርሚታ ነው። ቀላል ማርሚታ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጥቅሙ ግን ክብደቱም ቦታውም ላይ ነው። ሁለት ነገር አስታውሱ። ጭሱ በቀላሉ መውጣት ሲጀምር ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚጨምር የካርቡራተሩ የነዳጅ መጠን መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ሁለተኛ፣ ማርሚታው ውስጥ ያለውን የእሳት ፍንጣሪ መከላከያ ወንፊት አትጣሉ። በአሜሪካ የመንግሥት ደኖች ውስጥ ያለ እሱ መንዳት የተከለከለ ነው። ጥቂት ግራም ለማዳን ደን ማቃጠል ምን ይባላል?

መጨረሻ ላይ ብሎኖች ናቸው። ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 7.8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ቲታኒየም 4.5፣ አሉሚኒየም 2.7። ስለዚህ አንድን የብረት ብሎን በእኩል መጠን የቲታኒየም ብሎን ስትቀይሩ ከክብደቱ 40 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ደስ ይላል! ግን ከስንቱ? 20 ግራም ከሚመዝን ብሎን 8 ግራም ታተርፋላችሁ፤ ቲታኒየም ደግሞ ውድ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ዋጋውን ለሚቀንሰው ግራም አካፍሉ። ለሁሉም ዕቃ ይህን ሠርታችሁ ከርካሹ ወደ ውዱ በተራ ጻፉ። ብሎኖቹ የት እንደሚገኙ ዝርዝሩ ራሱ ይነግራችኋል። የጎማ ዘንግንና የፍሬን ብሎንን የመሰለ ነገር ደግሞ በአሉሚኒየም መቀየር አይታሰብም።

የማይነኩ ግራሞች

አንዳንዱ ሰው መሰርሰሪያ ያነሳና ብረቱን ሁሉ መብሳት ይጀምራል። «ቀዳዳ አይመዝንም» ይላል። እውነት ነው፣ አይመዝንም፤ ግን ይሰብራል። የሚሳብ ሰፊ ዝርግ ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብትበሱ፣ ቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህን ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 በሂሳብ አሳይቷል። የሚገርመው፣ ቀዳዳዋን ብታሳንሷትም ሦስት እጥፍነቱ አይቀየርም። ብረቱ በመጀመሪያው ቀን አይሰበርም። በየድንጋዩ ይንቀጠቀጣል፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ከቀዳዳው ይነሳል፣ ቀን በቀን ያድጋል። የሚሰበረው ታዲያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ሊሆን ይችላል። ሻሲውን፣ መሪውን፣ ፍሬኑን የሚይዝ ምንም ነገር አትብሱ።

እንዲያውም አንዳንድ ኪሎ መጨመር አለበት። ዲአር-ዚ400 ከመንገድ ውጭ ሲነዳ የታወቀ ደካማ ጎን አለው። በማርሽ መቀየሪያው በኩል ሲወድቅ መቀየሪያው ታጥፎ የሞተሩን የጎን ክዳን ሊሰብረው ይችላል። ዘይቱ ፈሰሰ ማለት ጉዞው አበቃ ማለት ነው። ትንሽ የአሉሚኒየም መከላከያ ይህን ያድናል። ከሞተሩ ሥር የሚታሰር ጠፍጣፋ መከላከያም እንዲሁ። እነዚህ ይከብዳሉ፣ ግን ታች ናቸው፣ መሀልም ናቸው። ከላይ የተማርነውን አስታውሱ፦ ታችና መሀል ያለ ኪሎ ከሁሉ ርካሹ ኪሎ ነው። ሄልሜትንማ ማንሳት አያስፈልግም፤ እሱ የሞተር ሳይክሉ ሳይሆን የእናንተ ክብደት ነው።

ከባዱ ዕቃ እናንተ ናችሁ

አቅልላችሁ ስትጨርሱ ሥራው አላለቀም። የኋላው ሞላ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የመውረድ አቅም አለው። ነጂው ሲቀመጥ ከዚህ ሲሶው፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቢወርድ ጥሩ ነው። ሞላ የሚወርደው እንደተጫነው ክብደት ስለሆነ፣ ክብደት ስትቀንሱ ልኩ ይዛባል። ሜትር ይዛችሁ ለኩና የሞላውን ማጥበቂያ አስተካክሉ። ይህ ሥራ ምንም አያስከፍልም፤ አንዳንዴ ግን ከውድ ማርሚታ በላይ ይሰማል።

በመጨረሻ 70 ኪሎ የሚመዝነውን ዕቃ እንመልከት፦ ነጂውን። ጎበዝ ነጂዎች አስቸጋሪ ቦታ ላይ ቆመው ይነዳሉ። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ስትቆም የስበት ማዕከሉ ዝቅ ይላል» ይላል። ትክክል አይደለም፤ ሰው ሲቆም ክብደቱ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። የታጠፉ ጉልበቶች እንደ ሞላ ይሠራሉ። የቆመ ነጂ ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ ሳይናወጥ፣ ሞተር ሳይክሉ ከሥሩ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መንቀሳቀስ ይችላል። ድንጋዩ ሲመታ የሚወረወረው ሞተር ሳይክሉ ብቻ ነው እንጂ ሰውዬውም አብሮ አይደለም። ሲቀመጥ ግን እንደ ታሰረ ጆንያ አንድ ላይ ይናጣሉ።

እንግዲህ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ምንጊዜም አንድ ኪሎ ነው። ጎማ ጠርዝ ላይ ሁለት፣ ከፍ ብሎ ሦስት፣ ጅራቱ ላይ ለመታጠፍ አሥራ ስድስት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ለመሞከር ሞተር ሳይክል አያስፈልጋችሁም። ብስክሌት ካላችሁ፣ የምትይዙትን ውሃ አንድ ቀን ጀርባችሁ ላይ፣ አንድ ቀን ከፔዳሉ በላይ ካለው ብረት ላይ፣ አንድ ቀን ከኋላ መጫኛው ላይ አስራችሁ በቀስታ እየተጠማዘዛችሁ ንዱ። የትኛው ላይ ውሃው ከበዳችሁ? ለምን?